ዒድ የሌለበት ክረምት፦ ዘመድ ለመጠየቅ የቡና ብር አትጠብቁ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ዑለማዎች ስለሚከራከሩበት ትልቅ መስአላ አይደለም። ስለ ክረምት ነው። ስለ በቆሎ እሸት፣ ቆርቆሮ ላይ ስለሚወርድ ዝናብ፣ አያት ቤት ስለሚፈላ ቡና። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ውስጡ ግን ብዙዎቻችንን በኋላ የሚያስለቅስ ጉዳይ ስላለበት እስከ መጨረሻው ታግሳችሁ አንብቡት።

በአንድ ስሌት ልጀምር። የሒጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ሁለቱ ዒዶቻችን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያሉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በዚህ ምክንያት ከ2002 እስከ 2016 ድረስ አንድም ክረምት ያለ ዒድ አላለፈም። የ2002ቱ ዒደል ፊጥር ጳጉሜን 5 ዋለ። በ2006 ሐምሌ 21 ሆነ። በ2010 ደግሞ ፊጥር በሰኔ፣ አረፋ በነሐሴ፣ ሁለቱም ክረምት ላይ መጡ። የመጨረሻው የ2016ቱ አረፋ ነበር፤ ሰኔ 9 ዋለ።

በቀጣዩ ዓመትስ? የ2017 ፊጥር መጋቢት 21 አለፈ። አረፋም ግንቦት 29፣ ሰኔ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሄደ። ከ15 ክረምት በኋላ ዒድ የሌለበት የመጀመሪያው ክረምት የ2017ቱ ሆነ ማለት ነው። ፊጥር ዞሮ ዞሮ ወደ ክረምት እስኪመለስ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ 18 ዓመት ገደማ ይፈጃል።

ይህ ለምን ያሳስበናል? ዕድሜያችሁ 20 እና 25 የሆናችሁ አስታውሱ። በልጅነታችሁ ክረምትና ዒድ አብረው ነበሩ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ዒድ አለ። አባት ልጆቹን ሰብስቦ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ሰቃ፣ ወደ ጌራ ይዟቸው ይሄዳል። ማንም ምክንያት አይጠይቅም፤ ዒድ ነዋ! ከዒዱ በኋላ አባት ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ልጆቹ አያት ቤት ይቀራሉ፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። የአያት ቤት ጣዕም የገባችሁ፣ የአጎት ልጆቻችሁን ስም ያወቃችሁት በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ያ መንገድ ተዘግቷል። ዒድ ሲሆን ትምህርት አለ፤ ሰው ለአንድ ቀን ደርሶ ይመለሳል። ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ዒድ የለም። ከእንግዲህ በክረምት አያት ቤት የሚሄድ ሰው የበዓል ግፊት ሳይኖርበት፣ ራሱ አስቦበት ነው የሚሄደው። አኮህ በ2017 75 ዓመታቸው ከነበረ 18 ዓመት ጨምርበት። ዕድሜ በአላህ እጅ ነው፤ እኛ ግን ዒዱ ክረምት ላይ እስኪመለስ ቁጭ ብለን መጠበቅ አንችልም።

ክረምት እኛ ጋ ምን ይመስላል?

ከሩቅ ሆናችሁ ለምታነቡት፣ ወይም እዚሁ ሆናችሁ ስልክ ላይ አቀርቅራችሁ ለረሳችሁት ልንገራችሁ። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ አገር ናት፤ ብዙው የሚወርደው በእነዚህ ወራት ነው። ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፤ ልብስ ይሰጣል። ከዙህር በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ልብሱን ለማንሳት ቤተሰቡ በሙሉ ይሯሯጣል። ጁሙዓ ቀን ዝናቡ በኹጥባ መሃል ከመጣ የቆርቆሮው ድምፅ ኢማሙን ይውጠዋል። ኋላ ሰፍ ላይ ያለው ጀማዓ ኹጥባውን ያየዋል እንጂ አይሰማውም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛ መስጂድ ይሞላል። የክረምት ቂርኣት የማስቀራው እኔ ስለሆንኩ በደንብ አውቀዋለሁ። ትናንሾቹ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ፣ በአንድ እጃቸው ጁዝ ዐማ፣ በሌላው ያልጨረሱትን የተጠበሰ በቆሎ ይዘው ይመጣሉ። «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» ማለት የክረምቱ የመጀመሪያ ደርሴ ነው። ከመካከላቸው ከአዲስ አበባ አያቱ ጋ የመጣ ልጅ አይጠፋም። የመጀመሪያ ቀን ጭቃውን አይቶ ሊያለቅስ ይደርሳል። በሳምንቱ ጫማውን አውልቆ በዝናብ ኳስ ሲጫወት ታገኙታላችሁ። በወሩ እናቱ ልትወስደው ስትመጣ ተደብቆ ይፈለጋል።

ገጠር ወጣ ስትሉ ደግሞ ሌላ ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ጦጣና ዝንጀሮ ከጫካ ይወርዳል፤ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ይጠብቃሉ። ለከተማ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ጨዋታ የለም፤ ስልኩን ራሱ ረስቶት ይውላል። ማታ እሳት ዳር በቆሎ ይጠበሳል፣ ጎደሬ ይቀቀላል። አኮ ቡናውን ይቆላሉ፤ ጭሱ ከዝናቡ ሽታ ጋር ቤቱን ይሞላዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከተማ ላይ በስኳር የለመዳችሁት ቡና እዚያ ጨው ይገባበታል፤ አንዳንድ ቤት ቅቤ ጠብ ይደረግበታል። ጎረቤት ጆንያ ወይም ላስቲክ ራሱ ላይ ጥሎ ዝናቡን አቋርጦ ይመጣል። ወሬው የላም መውለድ፣ የአንዱ ልጅ ማግባት፣ የሌላው አቂቃ፣ የመንገዱ መበላሸት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብር የጠየቀ ነገር አለ? ዝናቡ በነፃ፣ በቆሎው ከጓሮ፣ ቡናው ከደጅ።

ከተማ የቀረውም የራሱ አለው። እንግዳ የመጣበት ቤት ልጆቹን ይዞ ጅሬን ይወጣል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ያስተዳደሩትን የሁለተኛውን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያሳያቸዋል። ልጆች ያንን የእንጨት ሥራ አይተው ሲመለሱ ጥያቄያቸው አያልቅም። መንገድ ዳር የበቆሎ ጥብስ የሚሸጡ እናቶች አሉ፤ አንዱን ገዝቶ ለሦስት ሰብሮ መብላት የክረምት ሱና የሆነ ይመስላል።

አንዳንድ ወጣቶች «ይህ ሁሉ ዱንያ ነው፣ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» ይሉ ይሆናል። አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝናብ ሲጥል ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ዝናቡ አካላቸውን እንዲነካው አድርገዋል። ዝናብ ሲያዩም ጠቃሚ እንዲያደርገው አላህን ይለምኑ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ወፉ የሞተበትን ትንሽ ልጅ ስለ ወፉ እየጠየቁ ያጫወቱ ነብይ ናቸው። በክረምት ደስ መሰኘት፣ ከልጅ ጋር መጫወት፣ ከአሮጊት ጋር ቡና መጠጣት ከዲናችን ውጪ ያለ ነገር አይደለም።

«ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?»

ታዲያ ይህን ያህል ደስታ በነፃ እያለ ለምን አንሄድም? ብዙ ወጣት ጠይቄያለሁ። መልሱ ስንፍና ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ እመክርና እተው ነበር። በርጫ ላይ ተቀምጦ ከሰዓቱን የሚያቃጥል፣ የኳስ ውርርድ ቤት የሚውል አለ፤ ስለ እሱ ሌላ ቀን እንጽፋለን። የብዙዎቹ መልስ ግን ሌላ ነው፦ «እጄ ባዶ ነው። ቡና ሲደርስ እሄዳለሁ።»

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ዓመቱ የሚቆጠረው በቡና ነው። ቡናው በመጀመሪያዎቹ የበልግ ዝናቦች ያብባል። ክረምቱን ሙሉ ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ ይወፍራል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቀልቶ ይለቀማል። ብር የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው። ሠርጉ፣ አዲሱ ቆርቆሮ፣ የልጆች ልብስ ሁሉ ለዚያ ጊዜ ይቀጠራል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ያለፈው ዓመት ጀንፈል አልቆ የዘንድሮው ያልደረሰበት ወቅት ነው። ይህ ገበሬውን ብቻ የሚነካ እንዳይመስላችሁ። ባለ ሱቁ፣ ባለ ባጃጁ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሻይ ቤት የከፈተችው እህታችን ሁሉም የቡና ብር ካልወጣ ገበያቸው ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ በክረምት ሁላችንም እጃችን ባዶ ነው፤ ሁላችንም ግን ባዶ የሆነው የእኔ ብቻ ነው ብለን እንደባበቃለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የኢማም ረዳት ስለሆንኩ ጀናዛ ላይ አልቀርም። በክረምት ጀናዛ ሲኖር፣ ጉድጓዱ ውሃ እየሞላ በሚያስቸግርበት፣ ሰው ጃንጥላ ይዞ በቆመበት ሰዓት፣ ከሩቅ የመጡ ልጆችን አያለሁ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሌሊት መኪና ተከራይተው፣ ከጅማ ደግሞ ሌላ መኪና ተከራይተው፣ መኪና የማይገባበትን ጭቃ በእግራቸው አቋርጠው ይደርሳሉ። አላህ ይቀበላቸው። ለዚያ ኪራይ የወጣው ብር በሕዝብ ትራንስፖርት ቢሆን ኖሮ ሟቹን በሕይወት እያሉ ብዙ ጊዜ ያስጠይቅ ነበር። አፈር ከተመለሰ በኋላ ጥግ ይዘው ሲያለቅሱ የሚሉት ነገር ደጋግሞ ይመሳሰልብኛል፦ «ቡና እስኪደርስ ብዬ ነበር። ትንሽ ነገር ይዤ ልመጣ ብዬ ነበር።»

እስቲ አስቡት። ለጀናዛ ባዶ እጅን መምጣት ነውር አይደለም። ማንም የሟች ቤት ሲገባ «ምን ይዘህ መጣህ?» አይባልም። ለዚያራ ግን ነውር አድርገነዋል። የሞተውን ለመቅበር ባዶ እጃችንን እንሮጣለን፤ ሕያው የሆነውን ለማየት ግን ስጦታ እስክናገኝ እንቆያለን። ይህን ሥርዓት ሸሪዓ አላመጣውም። የጥንት አባቶቻችንም አላወረሱንም። ይሉኝታ ነው ያመጣብን።

ይሉኝታ ደግሞ ከክፋት የሚመጣ አይደለም፤ ከመልካም ልብ ነው የሚመጣው። ለአያቱ የሚያስብ ሰው ነው ባዶ እጁን መሄድ የሚከብደው። ግን ውጤቱ ከክፋት ጋር አንድ ሆነ፦ አያት ሰው ሳያዩ ክረምቱ ያልፋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ለጎረቤቷ የምትሰጠውን ነገር፣ የበግ ሰኮና እንኳ ቢሆን፣ አንዷ ሌላዋን እንዳትንቅ መክረዋል። ሰኮና ምን ሥጋ አለው? መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ትንሽ ነው ብላችሁ ግንኙነቱን አታቋርጡ። ደግሞም ዝምድናን የሚቀጥል ሰው ማለት የተደረገለትን ያህል የሚመልስ ሳይሆን ሲቆረጥ የሚቀጥል መሆኑን አስተምረዋል። ዚያራን ከስጦታ ጋር ካሰርነው ግን ንግድ አደረግነው፤ ያለው ይጠይቃል፣ የሌለው ይቀራል።

ባዶ እጅ የብር ብቻ አይደለም

በዚህ ክረምት ሌላም ባዶ እጅ አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰዳችሁ ልጆች ውጤት እየጠበቃችሁ ነው። በ2016 ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ተፈታኝ 94 ወይም 95ቱ የፈለጉትን ሳያገኙ ቀሩ ማለት ነው። ያኔ ከእነዚህ መካከል ስንቱ የአጎቱን ቤት መንገድ ቀየረ? ስንቷ አክስቷ ቡና ላይ ስትጠራት ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች? ተመርቆ ሥራ ያላገኘውም እንዲሁ ነው። ዘመድ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሥራ ያዝክ?» ስለሆነ ሥራ እስኪይዝ ዘመድ የለውም።

ለእነዚህ ወንድሞችና እህቶች የምለው አለኝ። አያት ቤት ሰርተፊኬት አይጠየቅም። አኮህ የፈተና ውጤትህን ሳይሆን ክሳትህን ነው የሚያዩት። አዳዳሽ የሚያስጨንቃቸው ምሳ መብላትሽ ነው። የከተማው ሰው ሁሉ ከላይ እስከ ታች በሚመዝንህ ጊዜ የማይመዝንህ ሰው ቤት ሂድ። በመከራ ጊዜ የሚያስፈልገን መድኃኒት እዚያ ነው ያለው፤ እኛ ግን መጀመሪያ ድኜ ከዚያ እሄዳለሁ እንላለን።

አረንጓዴው ቡና

በክረምት መሄድ የሚያሳየን ሌላም ነገር አለ። በታኅሣሥ የሚሄድ እንግዳ ቤቱን ሞልቶ ያገኘዋል፤ ቡና ተሽጧል፣ በግ ይታረዳል፣ ሁሉ ይስቃል። አጎቱ በሐምሌ ምን እንደሆነ አያውቅም። በሐምሌ የሄደ ግን ያያል። ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ከሥሩ ባልዲ ተቀምጧል። ልጅ ታሟል፣ መታከሚያ የለም። በዚህ ጊዜ አንድ ነጋዴ ይመጣል። ዛፉ ላይ ያለውን አረንጓዴ ቡና ዛሬ በርካሽ ገዝቶ ብሩን በእጁ ይሰጠዋል። አጎት ስለተቸገረ ይቀበላል። በኅዳር ቡናው ሲቀላ ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው፤ አጎት በገዛ ማሳው ለቃሚ ይሆናል።

ይህ ነገር በቡና አገር የቆየ ችግር ነው። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበ ሐዲስ ፍሬ መብሰሉ ሳይታይ መሸጥ ተከልክሏል። ፉቀሃዎች በዝርዝሩ ላይ የተናገሩት ስላለ፣ ሰለም የሚባለውም በመስፈርቱ የሚፈቀድ የቅድሚያ ክፍያ ግብይት ስላለ፣ ለራሳችሁ ጉዳይ ዓሊሞችን ጠይቁ። እኔ ማንሳት የፈለግሁት ዝምድናውን ነው። ያ ነጋዴ አጎትህን የደረሰበት አንተ ስላልደረስክ ነው። አምስት የአጎትና የአክስት ልጆች ጅማና አዲስ አበባ ሥራ ላይ አሉ እንበል። ከአምስታችሁ አንዳችሁ በሐምሌ ሄዳችሁ ባልዲውን ብታዩ፣ እንደ አቅማችሁ አዋጥታችሁ ቀርደል ሐሰን፣ ያለ ወለድ ብድር፣ ትሰጡት ነበር። ቡናው ሲሸጥ ይመልሳል። የአላህ ቃል እንዳዘዘን ትጽፉታላችሁ፣ ምስክር ታቆማላችሁ፤ ዘመድ ስለሆነ አይጻፍም ማለት በኋላ ጠብ ያመጣል። ብሩ ሳይጠፋ፣ የአጎት ክብር ሳይነካ፣ ቡናው የራሱ ሆኖ ይቀራል።

ያለህ 200 ብር ብቻ ከሆነስ? ቢያንስ ያየኸውን ላላቸው ወንድሞችህ መንገር ትችላለህ። አጎት በራሱ አፍ «ተቸገርኩ» አይልም፤ እሱም ይሉኝታ አለበት።

«ስልክ አለ አይደል?»

አንዱ ተቃውሞ ይህ ነው። በየሳምንቱ እደውላለሁ፣ ሲኖረኝ በቴሌብር እልካለሁ ይላል። ማሻአላህ፣ ቀጥልበት። ብዙ ሰው ይህንንም አያደርግም። ግን ስልክ ላይ «እንዴት ናችሁ?» ስትል መልሱ ሁሌ «አልሐምዱሊላህ ደህና ነን» ነው። የሚያፈሰው ቆርቆሮ በስልክ አይታይም። የአኮ ዓይን መድከሙን የምታውቀው ፊትህን በእጃቸው ዳብሰው ሲለዩህ ነው። ልጆችህም የአያታቸውን ጠረን በስልክ አያውቁትም። ጥያቄውን በአካል፣ ስልኩን በመሃል አድርጉት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። «በችግር ወር ሄጄ ሸክም ልሁንባቸው? እንግዳ ሲመጣ የሌላቸውን ይበደራሉ» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይህ ሊደርስ ይችላል። መፍትሔው ግን መቅረት አይደለም፤ አካሄድን ማስተካከል ነው። እንደ ዒድ እንግዳ ሆነህ አልጋ ላይ ተቀምጠህ የምትስተናገድ ከሆነ ሸክም ነህ። እንደ ቤት ልጅ ከገባህ ግን እጅ ነህ። ክረምት የቡናው ሥር የሚታረምበት፣ ለለቀማ የሚዘጋጅበት ጊዜ ነው። ገጀራ ወይም ማጭድ ይዘህ ከአጎትህ ጋር አንድ ቀን ብትውል፣ ያ ለሠራተኛ የሚከፈል ብር ነው። ከሱቅ ምስማር ገዝተህ ቆርቆሮውን ብትመታ፣ አንቺ ደግሞ የአኮን ልብስ ብታጥቢ፣ ታናናሾቹን ጁዝ ዐማ ብታስቀሪ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሒሳብ ብታስጠኚ፣ ከአንድ ካርቶን ብስኩት ይበልጣል። «እጄ ባዶ ነው» የምንለው እጅ ሥራ እንደሚችል ረስተነው ነው።

ለትልልቆቹም አንድ ነገር

ይህን ጽሑፍ እናቶችና አባቶችም ስለሚያነቡት፣ በአደብ አንድ ነገር ልበል። ልጆቹ የሚቀሩት በራሳቸው ይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ በእኛም ምላስ ነው። አንዱ ልጅ ዘይትና ስኳር ይዞ ሲመጣ ሰፈር ሁሉ ይሰማል። ሌላው ባዶ እጁን ሲመጣ «የእከሌ ልጅ እንኳ ይህን ያህል አመጣ» ይባላል። ያ ልጅ ሁለተኛ አይመጣም። እህቶቻችን ገና ተቀምጠው ሳይጨርሱ «መቼ ነው የምታገቢው?» ይባላሉ። የፈተና ውጤት፣ የደሞዝ መጠን፣ የልጅ አለመውለድ፣ እነዚህ ጥያቄዎች ሰውን ከዘመድ ቤት ያባርራሉ።

እባካችሁ አዳዳዎቻችን፣ ኤሱማዎቻችን፣ ልጁ ሲመጣ «እንኳን መጣህ» በሉት፣ ቡና ስጡት፣ ሌላውን እሱ ሲፈልግ ያውራ። ለእንግዳ ብላችሁም አትበደሩ፤ ያለውን ጎደሬ አቅርቡ። ልጁ የመጣው ዶሮ ፈልጎ አይደለም። እናንተ ያለ ዶሮ ስትቀበሉት እሱም ያለ ስኳር መምጣት ይችላል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ነሐሴ ሳያልቅ አንድ ቀን ምረጡ። «ሲመቸኝ» አትበሉ፤ ቀኑን ስሙን ጥሩት። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰቃና ሰርቦ ከዚያም ይቀርባሉ። ጠዋት ወጥቶ ከመግሪብ በፊት መመለስ ይቻላል። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ለዓመት በዓል የምታወጡትን ትራንስፖርት አንድ ጊዜ ለክረምት አድርጉት።

የሚገኝ ከሆነ ሳሙናም ስኳርም ያዙ፤ ካልተገኘ ራሳችሁን ያዙ። ልጆች ካሏችሁ ልጆቹን ውሰዱ፤ ትምህርት ቤት የተዘጋው አሁን ነው። አያት ቤት ጥቂት ሌሊት ይደሩ፣ ዝናብ ይምታቸው፣ ጭቃ ይንካቸው፣ አይሞቱም።

ቡናውን እስከ በረካው ጠጡ። አቦልን ቀምሶ «መኪና ያመልጠኛል» ማለት ይቅር። ስልኩን አጥፉና አኮን ስለ ወላጆቻቸው ጠይቁ፤ የአያት ቅድመ አያት ስም፣ ከየት እንደመጡ፣ ማን ማንን እንዳገባ። ይህን ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ የትም አልተጻፈም። ድምፃቸውን ቅዱት።

ስትወጡም ዙሪያውን እዩ። ምን ያፈሳል? ማን ታሟል? አረንጓዴውን ቡና ሊገዛ የመጣ ሰው አለ? ያያችሁትን ለወንድሞቻችሁ ንገሩ፣ ተመካከሩ።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሪዝቁ እንዲሰፋለት፣ ዕድሜው እንዲረዝምለት የሚፈልግ ሰው ዝምድናውን ይቀጥል ብለው እንዳስተማሩ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ልብ በሉ፦ እኛ ሪዝቁ ሲመጣ ዝምድናውን እንቀጥላለን አልን። እሳቸው ግን ዝምድናውን ቀጥሉ፣ ሪዝቁ በዚያ ይሰፋል አሉን። ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል።

ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ዛሬ ማታ ስልክ ደውላችሁ «በዚህ ቀን እመጣለሁ» በሉ። ምን ይዛችሁ እንደምትመጡ አትናገሩ፤ እነሱም አይጠይቋችሁም። በቆሎው ደርሷል።

አላህ ዝናቡን የበረካ ያድርግልን፤ በሕይወት ያሉትን ዘመዶቻችንን በሕይወት ሳሉ የምንጠይቅ ያድርገን፤ የሄዱትን ይማርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።